የወይንሸት ቁጥር

ጠዋት ጠዋት የናሁሰናይ ቤት በር የሚከፈተው የቤቱ ሰዎች ሁሉ ጣታቸውን ከሰጡ በኋላ ነበር። መጀመሪያ ናሁሰናይ፣ ቀጥሎ የአሥራ አንድ ዓመቷ ልጁ ኤልዳና፣ መጨረሻ ሚስቱ ወይንሸት። አያምም፤ ትንኝ የነካው ያህል ነው። ከበሩ ጎን ያለችው ሰሌዳ በደማቸው ውስጥ ያለውን ስብ ታነብና ቁጥር ታወጣለች። የናሁሰናይ መቶ ስድሳ፣ የኤልዳና መቶ ሠላሳ፣ የወይንሸት ሦስት መቶ አርባ። ሦስቱ ተደምረው ሲካፈሉ የቤቱ ቁጥር ሁለት መቶ አሥር ይመጣል። ከሁለት መቶ በላይ የሆነ ቤት ቢጫ ነው፤ ከዚያ በታች የሆነ አረንጓዴ።

ጊዜው ሁለት ሺህ ሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ከተማው ደብረ ብርሃን ነው። ቢጫ ቤት የሚኖር ሰው ሱቅ ሲገባ የዘይትና የቅቤ መደርደሪያው አይከፈትለትም። ሠርግ ቢጠራ የሚቀመጠው ውሃና ሽምብራ የቀረበበት ጠረጴዛ ላይ ነው። ሊፍት ደግሞ ቁጥሩ ከሦስት መቶ ያለፈ ሰው አይጭንም፤ ስለዚህ ወይንሸት ሰባተኛ ፎቅ የምትወጣው በእግሯ ነበር። በየፎቁ ትቀመጣለች። ጎረቤቶች ሲያልፉ ሰላም ይሏታል፣ ስለ ጤናዋ ይጠይቋታል። ክፉ ቃል የሚናገራት ሰው አልነበረም። በዚያ ዘመን ሰው መሳደብ ቀርቷል፤ ቁጥሩን ማየት ይበቃ ነበር።

ሕፃናት ትምህርት ቤት እንደገቡ ከሚማሩት ነገር አንዱ፣ በደም ውስጥ ያለ ስብ ሁሉ በአፍ የገባ ነው የሚል ነው። ኤልዳናም ተምራዋለች። ናሁሰናይም በልጅነቱ ተምሮታል። ወይንሸት ራሷ ተምራዋለች፤ ለዚህ ይመስላል አንዳንዴ እሷም ራሷን የምትጠራጠረው። «ተኝቼ እየተነሣሁ እበላ ይሆን?» ብላ አንድ ቀን ጠይቃው ነበር። በማግስቱ ናሁሰናይ የዘይቱ ጠርሙስ ላይ በእርሳስ ምልክት አደረገ። ዘይቱ ከምልክቱ አልወረደም። ያን ጊዜ ከውጭ ነው የምትበላው ብሎ አሰበ።

ከመውለዷ በፊት ወይንሸት የአውቶቡስ መናኸሪያ አስተናባሪ ነበረች። ድምፅ ማጉያው ሲበላሽ እንኳ የደሴውን መንገደኛ ከአዲስ አበባው የምትለየው በገዛ ድምፅዋ ነበር። ቀልደኛ ነበረች፤ ስትናደድም ዕቃ ታንኳኳለች። አሁን ድምፅዋ ወፍሮ ጎርነን ብሏል፣ ቃሉ ከአፏ እስኪወጣ ሰው ይሰለቻል። ፊቷ ነጣ፣ አበጥ አለ። የቅንድቧ ጫፍ ሳስቷል። እያወራች እንቅልፍ ስለሚወስዳት ሥራውን ከተወች ቆየች። ከሁሉ የባሰው ብርዱ ነበር። ናሁሰናይ የብርድ ልብስ ፋብሪካ የሽመና ክፍል ኃላፊ ነውና ጠርዙ የተበላሸ ሲገኝ ያመጣላታል። አራት ደርባ ትተኛለች። ጠዋት እግሯን ሲነካው ቀዝቃዛ ነው።

«እንዲህ የሚበርድሽ ስለማትንቀሳቀሺ ነው» ይላታል።

«እሺ» ትላለች። ለሁሉም ነገር መልሷ እሺ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ፋብሪካው የአንድ ማሽን ጥገና ስለነበረው ናሁሰናይ ከሥራ ቀደም ብሎ ወጣ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ወደ ቤቱ ሲቃረብ ወይንሸት ከሕንፃው ስትወጣ አያት። ጋቢዋን ተከናንባ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ትሄዳለች። ሊጠራት አፉን ከፈተና ተወው። ከኋላ ከኋላዋ ተከተላት።

ወይንሸት የከተማው ሰው ቁጥር ሁሉ ወደሚጠራቀምበት ሕንፃ ጀርባ ታጠፈች። እዚያ ቦታ አንዲት ባልቴት በጨርቅ በሸፈነችው ቅርጫት ጭኮ በድብቅ እንደምትሸጥ ፋብሪካ ውስጥ ይወራል። በቅቤ የራሰ፣ የድሮው ዓይነት ጭኮ። ናሁሰናይ ጥጉን ሲዞር ባልቴቷ አለች፤ ቅርጫቷም አለ። ወይንሸት ከእሷ ጥቂት ራቅ ብላ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ፣ ዐይኗን ጨፍና ቆማለች። ፊቷ ላይ የጠገበ ሰው ሰላም ነበር።

«ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?»

ቀስ ብላ ዐይኗን ገለጠች። «መጣህ?» አለችው። «በርዶኝ ነው። ይኼ ግድግዳ ይሞቃል። ከውስጥ ማሽኖች አሉ መሰለኝ።»

«ግድግዳ ለመሞቅ ሰባት ፎቅ ወረድሽ?»

«አዎ።»

«አፍሽን ክፈቺ።»

«ምን?»

«አፍሽን ክፈቺና ተንፍሺ አልኩሽ።»

ባልቴቷ ፊቷን አዞረች። ሁለት መንገደኞች ቆመው ያዩ ነበር። ወይንሸት አፏን ከፈተች። ናሁሰናይ ጎንበስ ብሎ የሚስቱን አፍ አሸተተ። ቅቤ አልሸተተውም፤ ምንም አልሸተተውም። ይቅርታ መጠየቂያው ጊዜ ያ ነበር። እሱ ግን ውሃ ተጉመጥምጣ ይሆናል ብሎ አሰበ። ክንዷን ይዞ ወደ ቤት ወሰዳት። ደረጃውን ሲወጡ በየፎቁ እየቆመ ጠበቃት። ግድግዳው በእርግጥ ይሞቅ እንደሆነ እጁን ዘርግቶ አልነካውም ነበር።

በሰኔ ወር ኤልዳና የከተማውን የአዳሪ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ሁለተኛ ወጥታ አለፈች። አዳሪ ትምህርት ቤቱ ግን ከቢጫ ቤት ተማሪ አይቀበልም። የጤና ጣቢያው አማካሪ፣ ፀጉሩን በጥንቃቄ ያበጠረ ትሑት ወጣት፣ ቤታቸው ድረስ መጣ።

«አርባ ቀን ነው» አለ። «የተረጋገጠ መንገድ ነው። ቁጥራቸው ከሦስት መቶ ቢወርድ ቤቱ አረንጓዴ ይሆናል፤ ልጅቷም መስከረም ላይ ትገባለች።»

የሚያወራው ስለ ማገገሚያ ማዕከሉ ነበር። ሕዝቡ ማቅለያ ቤት ይለዋል። ወይንሸት እዚያው ተቀምጣለች፤ ወጣቱ ግን የሚያናግረው ናሁሰናይን ነው። ከሦስት መቶ ያለፈ ሰው ስለ ምግቡ መወሰን አይችልም ተብሎ ስለሚታመን የሚፈርመው የቤተሰቡ ሰው ነው።

«እማ» አለች ኤልዳና። አጠገቧ መጥታ ተንበረከከች። «ለእኔ ብለሽ። አርባ ቀን ብቻ አትብዪ። ከዚያ በኋላ የፈለግሽውን ብትበዪ አልቆጣም።»

«እኔ እኮ አልበላም፣ ልጄ» አለች ወይንሸት።

ልጅቷ ዐይኗን ወደ አባቷ መለሰች። ናሁሰናይ መሬት መሬት አየ። ወይንሸት ሁለቱንም ተራ በተራ ተመለከተቻቸው። ከዚያ፣ ቃሉን ከሩቅ ቦታ እንደምትጎትተው ሁሉ፣ «እሺ፤ እሄዳለሁ» አለች።

ናሁሰናይ ፈረመ።

በማቅለያ ቤቱ ጠዋትና ማታ ቀጭን ሾርባ ይሰጣል። የቀረው ውሃ ነው። ጠያቂ የሚገባው እሑድ ብቻ ሲሆን የሚነጋገሩትም በመስታወት ተለያይተው ነው። በመጀመሪያው እሑድ ወይንሸት ግድግዳ ተደግፋ መጣች።

«ጋቢ ይጨምሩልኝ በላቸው» አለችው።

ነገራቸው። ክፍሉ ይሞቃል፣ ጋቢ ምን ያደርግላታል አሉት።

በዐሥረኛው ቀን ሐሙስ ከሥራ አስጠሩት። የማዕከሉ ተቆጣጣሪ መነጽር ያደረጉ፣ ረጋ ያሉ ሰው ነበሩ። ወንበር ሰጡት። በጠረጴዛው ላይ ቁጥሩን አሳዩት፤ ሦስት መቶ ዘጠና አንድ።

«ምንድን ነው ያስገቡላት?» አሉት።

«ምንም።»

«አቶ ናሁሰናይ፣ እዚህ ግቢ ውስጥ ምግብ የለም። ሾርባው ተለክቶ ነው የሚሰጠው። ቁጥሩ ግን ወጥቷል። ስለዚህ ከውጭ የገባ ነገር አለ። ከውጭ የመጣ ደግሞ እርስዎ ብቻ ነዎት።»

«በመሐላችን መስታወት ነበር። እንዴት አድርጌ ነው የማስገባው?»

«እንዴት እንደሆነ እርስዎ ያውቃሉ። እኔ የማየው ቁጥሩን ነው።»

«ምንም አልሰጠኋትም! በልጄ እምላለሁ!»

ሰውየው አልተቆጡም። ይህን መሐላ ብዙ ጊዜ ሰምተውታል። በትዕግሥት ፈገግ አሉ። ናሁሰናይ ያን ፈገግታ ያውቀዋል፤ እሱም ለወይንሸት እንዲህ ፈገግ ይልላት ነበር።

ምንም አልሰጣትም። ምንም አልበላችም። ቁጥሩ ወጥቷል። ሦስቱን ነገር በልቡ ደጋግሞ አስቀመጣቸው፤ በየትኛውም በኩል ቢያዞራቸው የሚያደርሱት አንድ ቦታ ነበር። ወይንሸት ዛሬ ብቻ ሳይሆን በዚያ ማክሰኞም አልበላችም። አምናም አልበላችም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያለችው እውነት ነበር።

«ልያት» አለ።

«ጥየቃዎ ታግዷል» አሉት ተቆጣጣሪው።

ከግቢው ሲወጣ እግሩ ወዴት እንደሚወስደው አላወቀም። ሕመሙ መቼ ነው የጀመራት? ወደ ኋላ ቆጠረ። ከኤልዳና ልደት ወዲያ ያለችው ወይንሸት የሚበርዳት ወይንሸት ናት። ከዚያ በፊት ያለችው ዕቃ የምታንኳኳው ናት። በመካከላቸው ያለው አንድ ቀን ነው፤ ያ ቀን ደግሞ በደም የተሞላ ነበር። ያዋለደቻት ሴት ጡረታ ወጥታ ጠባሴ ሰፈር እንደምትኖር ያውቃል። ወደዚያ ሄደ።

ሲስተር አስካል ሰባ ዓመት ሊሆናቸው ነው። ጓሯቸው ውስጥ ነጭ ሽንኩርት ይነቅሉ ነበር። ናሁሰናይ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ማን እንደሆነ ነገራቸው።

«የመናኸሪያዋ ወይንሸት?» አሉ። «ደም አልቆም ብሏት ስምንት ከረጢት የሰጠናት? አለች እንዴ?»

«አለች፣ ሲስተር። ግን…» አለና ሁሉንም ነገራቸው። ቁጥሩን፣ ብርዱን፣ እንቅልፉን፣ ማቅለያ ቤቱን። ያሸተተውን አፍ ብቻ አልነገራቸውም።

ሲስተር አስካል እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። «አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ አትፈር። ከወለደች በኋላ ጡቷ ወተት ያዘ?»

«አንድ ጠብታ አልወጣውም። ልጅቷ በጡጦ ነው ያደገችው።»

«የወር አበባዋስ ተመለሰ?»

ናሁሰናይ አንገቱን ደፋ። «አልተመለሰም። ዕድሜ ነው ብለን…»

«በሠላሳ ዓመቷ ምን ዕድሜ አላት! የብብቷ ፀጉርስ?»

«የለም። ጠፍቷል።»

አሮጊቷ እዚያው አፈሩ ላይ ቁጭ አሉ። «ይህን የጠየቃችሁ ሰው አልነበረም?»

«የለም። ቁጥሯን ነው የሚያዩት።»

«ስማኝ፣ ልጄ። ከአንጎላችን ሥር ሽምብራ የምታህል ዕጢ አለች። ፒቱታሪ ትባላለች። ትንሽ ናት፤ ግን ሌሎቹን ዕጢዎች ሁሉ የምታዘው እሷ ናት። ጡትን ወተት ስጥ የምትለው እሷ ናት። አንገት ላይ ያለውን ዕጢ ሥራ፣ ሰውነቱን አሙቅ፣ ስቡን አቃጥል የምትለው እሷ ናት። እናት ስትወልድ ደም በብዛት ከፈሰሳት ያቺ ዕጢ ደም አጥታ ትደርቃለች። ትእዛዝ ይቋረጣል። ስቡ ማን ያቃጥለው? ደም ውስጥ ይከማቻል። ሚስትህ ሽሮ በውሃ ብትበላም ቁጥሯ አይወርድም፤ ስትራብ ደግሞ የገላዋ ስብ ደሟ ውስጥ ስለሚገባ እንዲያውም ይወጣል። ሰውነቷ እሳቱ የጠፋበት ቤት ነው የሆነው።» ድንገት ቀና አሉ። «ስንት ቀን ሆናት ሳትበላ?»

«ዐሥር።»

«ያቺው ዕጢ ናት በረኃብና በሕመም ጊዜ ሰውን የሚያቆመውን፣ ኮርቲዞል የሚባለውን ሆርሞን የምታስመነጨው። እሱም የላትም። ተነሥ! ነጠላዬን ከበሩ ላይ አምጣልኝ።»

በማቅለያ ቤቱ በር ላይ ናሁሰናይን ሊያስቆሙት ፈለጉ። ሲስተር አስካል ግን ዘበኛውን ራሳቸው እንዳዋለዱት ነግረው ናሁሰናይን ይዘውት አለፉ። ወይንሸት የምትተኛበት ክፍል ሲደርሱ ዶክተር ሕሊና የተባለች ወጣት ሐኪም አጠገቧ ቆማ ስክሪን ታነባለች። ወይንሸት ከንፈሯ አመድ መስሏል፤ ሲጠሯት አትሰማም።

«የጾም ድካም ነው» አለች ሐኪሟ። «የሚጠበቅ ነው።»

«ስክሪኑን ተይና እጇን ያዢ፣ ልጄ» አሉ ሲስተር አስካል።

ሐኪሟ ያዘችው። ፊቷ ትንሽ ተለወጠ። አሮጊቷ የወሊዱን ነገር ባጭሩ ነገሯት።

«ግን ተመርምራለች» አለች። «ፒቱታሪ ለአንገቱ ዕጢ የምትልከው ሆርሞን ተለክቷል፤ ይኸው፣ ልክ ነው።»

«ዕጢዋ ታማ ቁጥሩ ልክ ሊመስል ይችላል። የአንገቱ ዕጢ ራሱ የሚያወጣውን ለኪ። ኮርቲዞሏንም ለኪ። ደግሞ ውጤቱን አትጠብቂ፣ የኮርቲዞሉን መርፌ አሁን ስጫት።»

«እኔ ያለ ውጤት…»

«ከሞተች በኋላ ውጤቱ ለማን ነው?»

ዶክተር ሕሊና ናሁሰናይን አየችው፣ ስክሪኑን አየችው። ከዚያ መርፌውን ለማምጣት ሮጠች። ስትመለስ አሮጊቷ ከጎኗ አልተለዩም። «የአንገቱን መድኃኒት ዛሬ እንዳትነኪው። መጀመሪያ ኮርቲዞሉ፣ ከቀናት በኋላ ያኛው። ከገለበጥሽው ትሞትብሻለች» አሏት። ውጤቱ ሲመጣ ኮርቲዞሏ ከምንም የማይቆጠር ሆኖ ተገኘ።

ወደ ማምሻው ላይ ወይንሸት ዐይኗን ገለጠች። ናሁሰናይ አልጋው አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ጣሪያውን ለረጅም ጊዜ አየች።

«ራበኝ» አለች።

በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ይህን ቃል ከአፏ ሰምቶት አያውቅም። ወይንሸት አንገቷን መልሳ ማን እንደሆነ ስታየው ደነገጠች፤ ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ሳበች።

«አልበላሁም እኮ» አለችው ቶሎ ብላ። «ብቻ ራበኝ ነው ያልኩት።»

ናሁሰናይ ግንባሩን አልጋው ጠርዝ ላይ ደፍቶ አለቀሰ። ይቅርታ አላት። ደጋግሞ አላት። እሷ ግን ያኔ ገና ድካም ላይ ነበረችና እንቅልፍ ወሰዳት።

ከዚያ በኋላ ያለው ፈጣን ነበር። በየቀኑ የምትውጣቸው ክኒኖች ተሰጥተዋት ወደ ቤቷ ተመለሰች። በሦስተኛው ሳምንት ከአራቱ ብርድ ልብሶች ሁለቱን ገፈፈቻቸው። በሁለተኛው ወር ድምፅዋ ጠራ። በነሐሴ መጨረሻ ቁጥሯ መቶ ሰባ አምስት ገባ፤ ሊፍቱም ተከፈተላት። የበፊቱን ያህል እየበላች፣ እንዲያውም ቅቤ ጨምራ። ማዕከሉ በሰሌዳው ላይ መልእክት ላከ፤ የአርባ ቀኑ ፕሮግራም በወይዘሮ ወይንሸት ላይ ስኬታማ በመሆኑ ቤተሰቡን ስለ ሥነ ሥርዓቱ ያመሰግናል ይላል። ናሁሰናይ ስህተት መሆኑን ገልጦ ጻፈ። መልስ አልመጣም። ሲስተር አስካል መሄድ በሚችሉበት ሁሉ እየሄዱ ነገሩን ተናገሩ፤ በአክብሮት ተሰሙ፣ ሰሌዳዎቹ ግን ጣት መቀበላቸውን ቀጠሉ።

መስከረም ላይ ቤቱ አረንጓዴ ሆኖ ኤልዳና ወደ አዳሪ ትምህርት ቤቷ ሄደች። ስትሰናበት እናቷን አቅፋ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀቻትም። «አላመንኩሽም» አለቻት። ወይንሸት ፀጉሯን ደባበሰችላት። ልጅቷ ቁመቷ ትከሻዋ ደርሷል፤ መቼ እንደደረሰ ወይንሸት አታውቅም።

ከዚያ ቀን በኋላ ወይንሸት ናሁሰናይን ትጠይቀው ጀመር። ኤልዳና መጀመሪያ የተናገረችው ቃል ምን ነበር? በስንት ወሯ ሄደች? ያ የወለቀ ጥርሷ የት ሄደ? አሥራ አንድ ዓመት እንደ ጭጋግ አልፎባታልና ከእሱ መስማት ፈለገች። ናሁሰናይ ግን በእነዚያ ዓመታት ዐይኑ ያለው በሰሌዳው ላይ ነበር። የየቀኑን ቁጥር ያስታውሳል። የልጁን የመጀመሪያ ቃል አያስታውስም።

«አላውቅም» አላት።

ወይንሸት ተናደደች። ድስቱን አንኳኳች፣ በሩን በኃይል ዘጋችው። ናሁሰናይ ያ ድምፅ ምን ያህል እንደናፈቀው ያን ዕለት ገባው፤ ግን ለእሷ ሊነግራት አልደፈረም።

ቤቷን ጥላ አልሄደችም። ትስቃለች፣ መናኸሪያው ውስጥ ግማሽ ቀን ሥራ ጀምራለች። አንድ ነገር ብቻ አልተመለሰም። ናሁሰናይ ባለበት ወይንሸት አትበላም። ቁጭ ትላለች፣ ለእሱ ታቀርባለች፣ ታወራለች፤ እጇ ግን ወደ ማዕዱ አይዘረጋም። «ብዪ እንጂ» ሲላት «እሺ» ትላለች፤ አትበላም። አንዴ ሊያጎርሳት እጁን ሲዘረጋ አፏን ግጥም አድርጋ ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ሳበች። ወዲያው ራሷም አፈረች። «ሆን ብዬ አይደለም» አለችው። እንዳልሆነ እሱም አወቀ።

ከዚያ ወዲህ ናሁሰናይ ምሳ ሲቀርብ የራሱን ቶሎ ብሎ ይጨርስና ወደ በረንዳው ይወጣል። የበረንዳውን በር ከኋላው ይዘጋል፤ ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ ይቆማል። የደብረ ብርሃን ነፋስ በሰባተኛ ፎቅ ላይ ኃይለኛ ነው። ዘወር ብሎ አያይም። ውስጥ ሳህን ሲነሣ እስኪሰማ ድረስ እዚያው ይቆያል።